ወንጀለኛው ሲያሸንፍ በአማርኛ ምን ይባላል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ትናንት ማታ አንድ የወንጀል ልብ ወለድ ጨርሼ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት እንቅልፍ አጣሁ። ገዳዩ ማን እንደሆነ ታወቀ፤ ታውቆም የሟቹን ጃንጥላ ይዞ እንደ ዋዛ ወጥቶ ሄደ። ለጓደኛዬ ልነግራት ስል ቃል ቸገረኝ። «ጨለማ መጨረሻ» ብላት መብራት የጠፋ ይመስላታል፤ «አሳዛኝ» ብላት ለቅሶ ቤት ወሰድኳት። እንዲህ ላለው አጨራረስ ምን እንላለን?

መልስ፦
«የከሸፈ» ይበሉት። ጥይት ይከሽፋል፣ መፈንቅለ መንግሥት ይከሽፋል፤ ሦስት መቶ ገጽ ጎትቶን ፍርድ የማይሰጥ ታሪክም ከሽፏል። እኔ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ለሰው አላውስም።

ሌላ መልስ፦
ወንድማችን ቸኮሉ። ከሸፈ የሚባለው ምላጩ ተስቦ ሳይተኮስ የቀረ ነው። ይህኛው ግን ተተኩሷል፤ የተመታነው እኛ አንባቢዎቹ ነን።

ለጥያቄው «ደመ ከልብ» የሚል አለን። እዚህ «ከልብ» እንደ «ከልብ አመሰግናለሁ» አይደለም፤ ግእዝ ነው፣ ውሻ ማለት ነው። ደመ ከልብ፣ የውሻ ደም፤ ጠያቂና ደም መላሽ የሌለው። «ደሙ ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ» እንላለን። የእርስዎ መጽሐፍ መጨረሻ ይኸው ነው።

መልካምነቱን ወይም መጥፎነቱን ለመፍረድ ግን ልብንና አንጀትን መለየት ይጠቅማል። በሥነ ጽሑፍ ትምህርት «ልብ ሰቀላ» የምንለው አለ፤ «ልብ አንጠልጣይ»ም ከዚያው ሰፈር ነው። የሰቀለ ማውረድ አለበት። ደራሲው ማን ገደለ፣ ለምን ገደለ የሚለውን ካልመለሰ፣ ልባችንን ሰቅሎ ጥሎን ሄዷልና ይወቀስ። ቅጣቱ የቀረ እንደሆነ ግን የሚቃጠለው አንጀት ነው፤ ይህ ደግሞ የሥራው ጉድለት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣውን «ስፖርሎስ» የተባለ የኔዘርላንድ ፊልም ልጥቀስ፤ ስሙ «ዱካ ቢስ» እንደ ማለት ነው። (ሊያዩት ያሰቡ ይህን አንቀጽ ይዝለሉ።) አንዲት ሴት ፈረንሳይ አገር መንገድ ዳር ካለ ነዳጅ ማደያ ትሰወራለች። ወዳጇ ሦስት ዓመት ይፈልጋታል። በመጨረሻ ጠላፊው ራሱ ይመጣና፣ የደረሰባትን ለማወቅ ያንኑ መቅመስ እንዳለበት ይነግረዋል፤ ማደንዘዣ ያለበት ቡናም ያቀርብለታል። ሰውየው ያመነታል፣ ይንጎራደዳል፣ ይጠጣል። ሲነቃ ሣጥን ውስጥ ነው። የሲጋራ መለኮሻውን ያበራል፤ ከነነፍሱ ተቀብሯል። የጠየቅነው ሁሉ ተመልሷል፤ ያልተመለሰው ደሙ ነው።

ዳይሬክተሩ ጆርጅ ስሉይዘር ያንኑ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሠራው። በዚህኛው ሰውየው ከጉድጓዱ ይወጣል፣ ጠላፊው ይሞታል። ያየሁ ዕለት አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ በሳምንቱ ረስቼዋለሁ። የመጀመሪያው ግን እንግዳ ቤት ቡና በተቀዳልኝ ቁጥር ይመጣብኛል።

የመጀመሪያው መላሽ፦
ይሁን። ነገር ግን አባቶቻችን በአፈርሳታ አገሩን ሰብስበው ወንጀለኛው ሳይወጣ አይበትኑም ነበር። ደራሲው ለምን እኔን ይበትነኛል?

ሁለተኛው መላሽ፦
አፈርሳታ ወንጀለኛውን ያወጣ ነበር እንጂ አይቀጣም ነበር፤ ቅጣቱ የዳኛ ነበር። በጠያቂዋ መጽሐፍ ደግሞ ገዳዩ ወጥቷል። ዳኛ አልነበረም እንጂ።

ጠያቂዋ፦
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጨረሻውን ገጽ ደግሜ አነበብኩት። የዝናብ ወሬ የለበትም፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ታዲያ ጃንጥላው ለምን አስፈለገው? ትናንት ተናድጄ ያለፍኩት ነገር ነው፤ ዛሬ ሳየው ከግድያው ይልቅ እሱ ዘገነነኝ። መጽሐፉን ላውሰው ነው።

ለጓደኛዬም «መጨረሻው ደመ ከልብ ነው» ብዬ ጻፍኩላት። «ይህን ያህል ከልብ ወደድሽው?» ብላ መለሰችልኝ።