አሩባ 1942፦ ማጣሪያው ይመታ ወይስ መርከቦቹ?

ጠያቂ፦
እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1942 (በእኛ የካቲት 9 ቀን 1934) ሌሊት የጀርመኑ ባሕር ሰርጓጅ ዩ-156 ከቬኔዝዌላ ጠረፍ ማዶ ባለችው አሩባ ደሴት፣ ሳን ኒኮላስ ወደብ ፊት ለፊት ብቅ አለ። አዛዡ ቬርነር ሃርተንሽታይን መጀመሪያ ፔደርናሌስና ኦራንየስታድ የተባሉ ሁለት ታንከሮችን (ነዳጅ ጫኝ መርከቦችን) በቶርፔዶ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ሮጦ በሚፈነዳ መሣሪያ መታ። ቀጥሎ መድፉን እዚያው ወዳለው ላጎ የነዳጅ ማጣሪያ ሲያዞር የገዛ መድፉ ፈነዳበት። የባሕር ኃይሉ የበላይ ሬደር ማጣሪያዎቹ ይደብደቡ ባይ ነበር፤ የሰርጓጆቹ አዛዥ ዶኒትዝ ደግሞ መርከብ ይቅደም ይል ነበር። ማን ነው ልክ?
እኔ ለሬደር እፈርዳለሁ። የሰጠመ ታንከር በሌላ ይተካል። ማጣሪያ ግን እንዲህ በዋዛ አይተካም። ላጎና በጎረቤቷ ደሴት ኩራሳው ያለው የሼል ማጣሪያ ደግሞ በጊዜው ከዓለም ትልልቆቹ ተርታ ነበሩ።

መድፈኛ፦
ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ መሣሪያው ግን የለም። እንደ ዩ-156 ያለው፣ ዘጠኝ-ሲ የሚባለው የሰርጓጅ ዓይነት 22 ቶርፔዶ ይይዛል፤ የአንዱ ፈንጂ 280 ኪሎ ነው። የ10.5 ሳንቲሜትሩ መድፍ 110 ጥይት አለው፣ አንዱ ከነብረቱ 15 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አባዙት፦ በቶርፔዶ ከ6 ቶን በላይ ንጹሕ ፈንጂ፣ በመድፍ ግን ብረቱ ተቆጥሮም 1.6 ቶን ገደማ። ቶርፔዶ ደግሞ የብስ አይወጣም። ስለዚህ ማጣሪያ ምታ ማለት ትልቁን መሣሪያህን አስቀምጠህ በትንሹ ተዋጋ ማለት ነው።
መድፉም ቢሆን ቀላል አይደለም። ሰርጓጁ ውሃ ውስጥ ገብቶ ስለሚሄድ አፈሙዙ በውታፍ ይደፈናል። ተኳሾቹ ወጥተው መጀመሪያ ውታፉን ይነቅላሉ፣ የኋላውን መዝጊያ ይከፍታሉ፣ ከዚያ ጥይቱ ከሆድ ዕቃው በቀዳዳ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ይወጣል። ይህ ሁሉ በጨለማ፣ በሚወዛወዝ እርጥብ ብረት ላይ ነው። ያን ሌሊት ውታፉ ሳይነቀል ተተኮሰ። ጥይቱ በርሜሉ ውስጥ ፈነዳ፤ ቢሲንገር የተባለው ተኳሽ ሞተ፣ የመድፍ ኃላፊው ፎን ደም ቦርነ እግሩን አጣ፤ በኋላም ማርቲኒክ አወረዱት። በ37 ሚሊሜትሩ ትንሽ መድፍ ጥቂት ተኩሰው አንድ የነዳጅ ጋን ከመሰርጎድ ያለፈ አላደረጉም።

ጠያቂ፦
ውታፍ መርሳት የአንድ ሌሊት ስሕተት ነው፤ የሬደርን ሐሳብ አያፈርስም። ከተማዋ መብራቷን እንኳ አላጠፋችም ነበር። መድፉ ባይፈነዳስ?

ናፍጣ፦
ባይፈነዳም የምትጠብቀው እሳት ላይመጣ ይችላል። ሰው ማጣሪያ ሲባል አንድ ትልቅ የክብሪት ቀፎ ይመስለዋል። ጋኖቹ ተራርቀው ነው የሚተከሉት፣ እያንዳንዳቸው ዙሪያቸውን የአፈር ግንብ አላቸው፤ ቢፈስ እዚያው ይታቆራል። ድፍድፍና ከባድ ናፍጣ በጥይት ፍንጣሪ በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ ቀዳዳው ይፈስሳል፣ ይደፈናል። ሞልቶ ያለ የቤንዚን ጋን እንኳ ከላዩ አየር ስለሌለው ከምታስበው ያነሰ ነው አደጋው። የሚያስፈራው ግማሽ ጎድሎ ተኑ ከአየር ጋር የተቀላቀለው ነው።
ማጣሪያን የሚያቆመው ሌላ ነው፦ የቦይለሩ (የእንፋሎት ማፍያው) ቤት፣ የኃይል ማመንጫው፣ የፓምፕ ቤቱ፣ ማንጠሪያ ማማዎቹ። እንፋሎት ከተቋረጠ በየቧንቧው ያለው ከባድ ዘይት ይረጋል፤ እሱን ማጽዳት ራሱን የቻለ መከራ ነው። ጠያቂ እዚህ ላይ እውነት አለህ፣ የተበላሸ ማማ ከገበያ አይገዛም። ግን በሌሊት ከባሕር ሆኖ ከጭስ ማውጫዎች መሐል የቦይለሩን ቤት ለይቶ መምታት በዚያ መድፍ የዕድል ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 19 ቀን 1942 ዩ-130 በኩራሳው ቡለን ቤይ ያሉትን ጋኖች ደበደበ። የጠረፍ መድፍ ሲመልስለት ትቶ ሄደ።

ደለል፦
ሁለታችሁም ዋናውን ነገር አልፋችሁታል። ለምን ይመስላችኋል ማጣሪያዎቹ ደሴት ላይ የተሠሩት? ዘይቱ ያለው ቬኔዝዌላ ውስጥ፣ ማራካይቦ ሐይቅ ነው፤ ሐይቁ ከባሕር የሚገናኝበት አፍ ግን በደለል የተሞላ ጥልቀት አልባ ነው። ትልቅ መርከብ አይገባም። ስለዚህ ጠፍጣፋ ሆድ ያላቸው ትንንሽ የሐይቅ ታንከሮች ድፍድፉን እየጫኑ አሩባና ኩራሳው ያደርሱ ነበር። ማነቆው እነሱ ናቸው። በዚያው ሌሊት ዩ-502 ከሐይቁ አፍ ውጭ ቲያ ሁዋና፣ ሞናጋስና ሳን ኒኮላስ የተባሉ ሦስቱን አሰጠመ። ምልልሱ ለጊዜው ቆመ። ድፍድፍ ያልደረሰው ማጣሪያ፣ ማማው ቢቆምም ባይቆምም ያው ነው።
የመርከበኞቹም ነገር አለ። ከእነዚህ መርከቦች የብዙዎቹ ሠራተኞች ቻይናውያን ነበሩ። ያለ አጃቢ አንወጣም ብለው ሥራ አቆሙ፤ በኤፕሪል 1942 ኩራሳው ላይ 15ቱ በጥይት ተገደሉ። የሰጠመ መርከብ ቶን ብቻ የሚቆጥር ሰው ይህን አያይም፤ ታንከር ሲመታ የሚቀጥለውን ታንከር የሚነዳው ሰውም አብሮ ይመታል።

የምጽዋ ወዳጅ፦
ስለ ሰው ካነሳችሁ፣ ምሳሌው ከደጃችን አለ። እ.ኤ.አ. በ1940 ጣልያን ምጽዋ ላይ 8 ሰርጓጆች ነበሯት። ከእነሱ አንዱ ጋሊሌዮ ጋሊሌይ ጁን 16 ቀን ከኤደን ወደብ ደቡብ ጄምስ ስቶቭ የተባለውን የኖርዌይ ታንከር አሰጠመ። ከሦስት ቀን በኋላ ግን ሙንስቶን በተባለች የእንግሊዝ ትንሽ መርከብ ተማረከ። ከአየር ማቀዝቀዣዎቻቸው የሚያፈተልከው ሜቲል ክሎራይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ደግሞ የሌሎቹን ሰርጓጆች ሠራተኞች መርዟል። ሞቃት ባሕር ውስጥ ሰርጓጅ የሚሸነፈው ከጠላት በፊት በራሱ ማሽን ነው። አሩባም ላይ ያው ሆነ።

ጠያቂ፦
እሺ፣ ማነቆውን ተቀበልኩ። ግን የተመታ ታንከር ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም። ፔደርናሌስ ተቃጥላ የብስ ላይ ከወጣች በኋላ ተጠግና ወደ ሥራ ተመልሳለች። አሩባ ውስጥ ኢግል በተባለው የመርከብ ማቆሚያ ላይ የተመታችው ታንከር አርካንሳስም ጉዳቷ ቀላል ነበር።

መድፈኛ፦
ትክክል። ያኔ ስቶ ኢግል ዳርቻ አሸዋ ላይ የወጣው ቶርፔዶ ግን በማግስቱ ሊያመክኑት የሞከሩ 4 የኔዘርላንድ ወታደሮችን ገደለ። ቶርፔዶ ሳይፈነዳ ቆመ ማለት ሞተ ማለት አይደለም፤ ሲሮጥ መቀስቀሻው ለመፈንዳት ተዘጋጅቷል። በነገራችን ላይ ሃርተንሽታይን የተቀደደውን በርሜል ጫፉን በብረት መጋዝ አስቆርጦ መልሶ ተኮሰበት፤ ያሰጠመበትም አንዱ ኦሪገን የተባለ የአሜሪካ ታንከር ነው። ተቆርጦ ያጠረ መድፍ እንኳ መርከብ ላይ ሠራ።

ደለል፦
እኔ ሬደርንም ዶኒትዝንም አላጸድቅም። የሚሻለው በመርከብ መንገድ ላይ የባሕር ፈንጂ መቅበር ነበር። ዩ-701 በጁን 1942 አሜሪካ ጠረፍ፣ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ 15 ፈንጂ አስቀመጠ፤ ሮበርት ሲ. ተትልና ኤሶ ኦጋስታ የተባሉ ሁለት ታንከሮች ተመቱበት። አንድ መርከብ፣ አንድ ሌሊት፣ ያለ መድፍ።

ናፍጣ፦
ማራካይቦ ላይ ግን አይሆንም። ዘጠኝ-ሲ ውሃ ላይ እያለ እንኳ ወደ 5 ሜትር ይጠልቃል፤ ደለሉ ላይ ደግሞ ውሃ ውስጥ ገብቶ መደበቅ ስለማይችል በግልጽ መግባት ይኖርበታል። ከደለሉ ውጭ ቢቀብረው መንገዱ ሰፊ ነው፣ ታንከሩ ዞሮ ያልፋል።

ደለል፦
ይዙር። አንድ ጊዜ ፈንጂ አለ ከተባለ፣ ጠራጊ መርከብ እስኪመጣ ማን ደፍሮ ይዞራል?