የመሪው ኩሽኔታ በአትላንቲክ መሃል ቢበላ፦ መቀጠል፣ መዞር ወይስ እርዳታ መጥራት?

ነፋስ ስልክ (ጠያቂ)፦
ባለፈው ኅዳር ከላስ ፓልማስ ወደ ሴንት ሉሲያ በምትሄድ 12 ሜትር ርዝመት ባላት የሸራ ጀልባ ላይ ከነበሩት አራት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። በአምስተኛው ቀን፣ 700 የባሕር ማይል ያህል ከተጓዝን በኋላ፣ የሌሊት ተራዬን ጨርሼ ልተኛ ስል ከኋለኛው አልጋ ሥር ውኃ ሲንቦጫረቅ ሰማሁ። ጣቴን ነክሬ ብቀምሰው ጨው ነው። በባትሪ ስናየው የመሪው ዘንግ የጀልባዋን ወለል ሰንጥቆ በሚወጣበት ቦታ ያለው የታችኛው ኩሽኔታ ተበልቶ ኖሮ፣ ማዕበል ከኋላ በገፋን ቁጥር ዘንጉ የእስክሪብቶ ውፍረት ያህል ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ውኃውም በዚያው ይገባል። በባልዲ ለክተነው በሰዓት 20 ሊትር ገደማ ሆነ፤ ፓምፑ በቀላሉ ያወጣው ነበር።

አንዱ ጓደኛችን የቀረንን 2,100 ማይል እንቀጥል አለ፤ ሌላው ኢፐርቡን (በሳተላይት የአደጋ ምልክት የሚልከውን መሣሪያ) ተጭነን እርዳታ እንጥራ አለ። ካፒቴናችን ግን በስተደቡብ 220 ማይል ወደምትርቀው የኬፕ ቨርዴ ወደብ ወደ ሚንዴሎ ለመዞር ወሰነ፣ በሰላምም ደረስን። እርዳታ ይጠራ ያለው ጓደኛችን ግን እስከ ዛሬ የተረፍነው በዕድል ነው ይላል። ልምድ ያላችሁ፣ ውሳኔው እንዴት ይታያችኋል?

የባሕር ዳሩ፦
ባሕር ዳር ሠልጥኜ በጭነት መርከብ ላይ በሁለተኛ መኮንንነት ስለምሠራ፣ ጉዳዩን የማየው ከጠሪው ሳይሆን ከተጠሪው ወገን ነው። ሶላስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ደኅንነት ስምምነት መሠረት የአደጋ ጥሪ የደረሰው መርከብ የመርዳት ግዴታ ስላለበት እንመጣለን። ይሁን እንጂ 200 ሜትር የሚረዝም መርከብ ለመቆም ብቻ ከአንድ ማይል በላይ ይፈልጋል፤ ከቆመም በኋላ በሦስት ሜትር ማዕበል የጀልባችሁ ምሰሶ ከብረት ግድግዳችን ጋር እየተጋጨ፣ እናንተ በሚወዛወዝ የገመድ መሰላል ሦስት ፎቅ ያህል ትወጣላችሁ። ፓምፗ የምትሠራ፣ ሸራዋም ያልተነካ ጀልባ ላይ ያለ ሰው ይህን አደጋ በገዛ እጁ ሊጠራው አይገባም።

ስለዚህ መዞራችሁ ትክክል ነው። በጽሑፍዎ ያጣሁት ግን ለማን እንደነገራችሁ ነው። በሜይዴይ (ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ በሚደረገው ጥሪ) እና በዝምታ መካከል ፓን-ፓን የሚባል ጥሪ አለ፤ ትርጉሙም «ችግር ገጥሞናል፣ ሕይወታችን ግን ለጊዜው አደጋ ላይ አይደለም» ማለት ነው። ኢፐርብ ማን እንደሆናችሁና የት እንዳላችሁ ቢያንስ ለ48 ሰዓት ያስተላልፋል እንጂ መሪው እንደላላና ፓምፑ እንደሚሠራ አይናገርም። በሳተላይት ስልክ ለነፍስ አድን ማስተባበሪያ ማዕከል ደውሎ ያሉበትን ቦታ፣ የሰዎቹን ቁጥር፣ የሚገባውን ውኃ መጠን፣ የሚሄዱበትን ወደብና የሚቀጥለውን ጥሪ ሰዓት ማስመዝገብ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይኸው ነው።

ሸራ በጎተንበርግ፦
ከመኮንኑ ጋር እስማማለሁ። ጀልባን ፈጥኖ መተው ምን እንደሚያስከትል ለማየት በነሐሴ 1979 የተካሄደውን ፋስትኔት የተባለውን የሸራ ጀልባ ውድድር ማስታወስ ይበቃል። ከተነሡት 303 ጀልባዎች 24ቱ ተትተው ነበር፤ ከእነዚህ 19ኙ ግን በኋላ ሳይሰምጡ ተገኝተዋል። በዚያ ማዕበል 15 ተወዳዳሪዎች ሲሞቱ፣ ከሟቾቹ መካከል ጀልባቸውን ትተው ወደ ነፍስ አድን ታንኳ የገቡ ነበሩባቸው።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ፍጥነታችሁ ነው። መሪ ላይ የሚያርፈው ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ ሸራ አሳጥሮ ከ7 ኖት (በሰዓት 7 የባሕር ማይል) ወደ 5 ኖት መውረድ ብቻ ጫናውን በግማሽ ገደማ ይቀንሰዋል። ዘንጉ ተሰብሮ ቢወድቅ ደግሞ መሪ ማጣት ብቻ ሳይሆን የጀልባዋ ወለል ላይ ቀዳዳ ይቀራል፤ የሚወትፉበት እንጨትና ጨርቅ አጠገባችሁ ነበር? ውኃው ስንት ሊትር ቢደርስስ ነበር ሐሳባችሁን የምትቀይሩት? ይህ ቁጥር አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው በየሰዓቱ «ገና ነው» እያለ ራሱን ያታልላል። (የእኔ ባለቤት በዚህ የተካነ ነው።)

ነፋስ ስልክ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ለማዕከሉ አልደወልንም፤ ካፒቴኑ የላከው መልእክት የብስ ላይ ላለው ወንድሙ ብቻ ነበር። ቁጥሩን ግን ወስነን ነበር፤ ከፓምፑ በላይ በለጠፍነው ፕላስተር ላይ «60 ሊትር፦ ፓን-ፓን። ፓምፑ ካልቻለ፦ ኢፐርብ» ብሎ ጽፎበታል። ዋናውን ሸራ አውርደን በትንሿ የፊት ሸራ ብቻ ስንሄድ የሚገባው ውኃ ወደ 12 ሊትር ወረደ። በ5 ኖት ብንቀጥል እኩለ ሌሊት ላይ ልንደርስ ስለነበር፣ በሳንቶ አንታዎና ሚንዴሎ ባለችበት በሳዎ ቪሴንቴ ደሴቶች መካከል የሚያይለውን ነፋስ በጨለማ ላለመጋፈጥ ሆን ብለን ፍጥነታችንን ቀንሰን ሲነጋ ገባን። ያም ሆኖ በዚያ መተላለፊያ 35 ሊትር ደርሶ ነበር። መወተፊያው እንጨት ነበረን፤ ከተበላው ኩሽኔታ ቅርጽ ጋር ይገጥም እንደሆነ ግን አንዳችንም አልሞከርነውም።

የባሕር ዳሩ፦
ፕላስተሩን ወድጄዋለሁ። ሆኖም 60 ሊትር ላይ ሊደወል የታሰበው ስልክ 20 ሊትር ላይ መደወል ነበረበት፤ 60 ሲደርስ የሚያወራው ሰው ውኃ የሚቀዳውም እሱ ነውና። ለካፒቴኑ ወንድምም ቢሆን፣ መልእክቱ በተባለው ሰዓት ባይደርሰው ለየትኛው ማዕከል እንደሚደውል ተነግሮት እንደሆነ ይጠይቁልኝ።