ቪትዝ ስትነሳ ትደነብራለች፤ ካምቢዮ ቀይሪ ተብያለሁ

የሰሚቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ የ2007 ቪትዝ ናት፣ ባለ 1.0 ሞተር፣ አውቶማቲክ። ሰሞኑን ስትነሳ ትደነብራለች። ፍሬን ይዤ ማርሹን ዲ ላይ ሳደርግ ድው ትላለች። ፍሬኑን ስለቅ መጀመሪያ ፍዝዝ፣ ከዚያ በድንገት ወደ ፊት ስፍንጥር። መገናኛ ላይ ሰልፍ ውስጥ ስገባ የፊቴን መኪና እንዳልገጭ ስጨነቅ እውላለሁ። መንገድ ከያዘች በኋላ ግን ምንም የላትም፤ 40 ላይም 60 ላይም ልስልስ ብላ ነው የምትሄደው።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሰውየው አንድ ዙር ነዳትና “ካምቢዮው አልቋል፣ ያገለገለ ፈልጊ” አለኝ። ኮፈኑን እንኳን አልከፈተም። ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰው፣ ሥራም የምሄደው በዚህችው መኪና ነው። የጠየቀኝ ገንዘብ ደግሞ የሚቻል አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው አለ?

ባለ ዲዛየር፦
የእኔም ሱዙኪ ዲዛየር ዳገት ላይ ስትነሳ እንዲሁ ትንገጫገጫለች። አውቶማቲክ ሁሉ አንድ ነው። የካምቢዮ ዘይት ቀይሪላት፣ ይለቃታል።

መካኒኩ፦
እህቴ፣ ካምቢዮ ለማውረድ አትቸኩዪ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚህ ሥራ ነው። መንገድ ላይ ደህና ሆና ስትነሳ ብቻ የምትደነብር መኪና ስትመጣልኝ ካምቢዮውን የማየው መጨረሻ ላይ ነው። ሁለት ነገር ንገሪኝ። የሚብሰው ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ደግሞስ በቅርቡ ባትሪ ተነቅሏል?

የሰሚቷ፦
ከሞቀች በኋላ ነው ጋሼ። ኤሲ ስከፍትማ ልትጠፋ ትደርሳለች። ባትሪ አዎ፣ አዲስ አስገብቼላታለሁ። መደንበሩም የጀመረው ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል። ይገናኛል እንዴ?

መካኒኩ፦
በደንብ ይገናኛል።

ለሞተሩ አየር የሚያስገባው ትሮትል ውስጥ የምትከፈትና የምትዘጋ ክብ ክዳን አለች። በእሷ ዙሪያ ጥቀርሻ ይጠራቀማል፣ አየር ማለፊያው ይጠብባል። ኮምፒዩተሩ ይህን ስለሚያይ ክዳኗን በጊዜ ብዛት ትንሽ ትንሽ ከፈት እያደረገ ሚኒሞውን፣ ማለትም ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ይጠብቃል። የደረሰበትንም ልክ ያስታውሳል። ባትሪ ሲነቀል ያ ይጠፋና ትሮትሉ ንጹሕ እንደሆነ ቆጥሮ ይጀምራል። ጥቀርሻው ግን እዚያው ነው። ዲ ላይ ስታደርጊ ሞተሩ ሸክም ይመጣበታል፣ ሚኒሞው ይወድቃል፣ ኮምፒዩተሩ ደንግጦ አየር ይጨምራል። ያንቺ “ፍዝዝ ከዚያ ስፍንጥር” ይኸው ነው። ኤሲም ሸክም ስለሆነ ያብሰዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ትሮትሉ በማጽጃው ስፕሬይ ይታጠብ። የሚያጥበው ልጅ ክዳኗን በጣቱ ገፍቶ እንዳይከፍታት አደራ! በትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር የምትንቀሳቀስ ስለሆነች ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጥርሶች ይሰበራሉ። ባትሪውን ነቅሎ ፈትቶ ያጽዳት። ከተገጠመ በኋላ ቤንዚን ሳትረግጪ አስነሺና እስክትሞቅ ተያት። ከዚያ ኤሲ ክፈቺ፣ ትንሽ ቆይተሽ ዝጊ። የብዙ ቪትዝ ዳሽቦርድ የሞተር ዙር መቁጠሪያ የለውም፤ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒዩተር የሚያነብ መሣሪያ) ያለው ልጅ ይመልከትልሽ። ሞቃ በደቂቃ 700 ዙር አካባቢ ላይ ረግታ ከቆመች ጥሩ ነው።

ድው የሚለው ድምፅ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ያንቺ ሞተር ባለ ሦስት ሲሊንደር ስለሆነ ከባለ አራቱ ይልቅ ይንቀጠቀጣል፣ የሚሸከሙትም ጎሚኒዎች (ሞተሩ የሚያርፍባቸው ጎማዎች) ይጎዳሉ። ኮፈኑን ከፍተሽ፣ የእጅ ፍሬን ስበሽ፣ የእግር ፍሬኑን አጥብቀሽ ረግጠሽ ከዲ ወደ ኤን፣ ከኤን ወደ አር ቀያይሪ። አንድ ሰው ከጎን ሆኖ ሞተሩን ይይ። ከፊትም ከኋላም ማንም አይቁም! ሞተሩ ብድግ ብሎ ከተመለሰ ጎሚኒ ተቀዷል።

ወንድሜ ባለ ዲዛየር፣ አውቶማቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። ያንተ ኤጂኤስ ከሚባሉት ዲዛየሮች ከሆነ እውነተኛ ማኑዋል ካምቢዮ ነው፤ ፍሪሲዮን አለው፣ የሚረግጥልህ ግን ማሽን ነው። ዳገት ላይ መኪናዋን በቤንዚን አስደግፈህ አትያዛት፣ ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል። ፍሬን ይዘህ ቁም፣ ስትነሳ ቆራጥ ሁን። የእሷ ቪትዝ ደግሞ ሲቪቲ ናት፤ ጉልበቱን የሚያስተላልፈው በሁለት ፑሊ መካከል የተወጠረ የብረት ቀበቶ ነው። ቀበቶው የሚቆነጥጠው በራሱ ዘይት ነው። እዚህ ከተማ ለሲቪቲ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት የሚሞሉ አሉ። ይህ ያናድደኛል፤ ስንት ደህና ካምቢዮ በዚህ ሞቷል። ለዚያ ዘመን ቪትዝ ቶዮታ ያዘዘው ቲሲ የሚባለውን የሲቪቲ ዘይት ነው። ዘይቱ ቢጎድል ወይም የተቃጠለ ቢሸት ያኔ ወደ ካምቢዮው እንሄዳለን።

ባለ ዲዛየር፦
አመሰግናለሁ። ዳገት ላይ በቤንዚን ነበር የምይዛት፤ ማንም አልነገረኝም።

የሰሚቷ፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ትሮትሉ ተፈቶ ታየ፣ ክዳኗ ዙሪያው ጥቁር ነበር። ከታጠበ ወዲህ መስፈንጠሯ ቀርቷል፣ ኤሲ ስከፍትም ቀጥ ብላ ትቆማለች። ድው የሚለው ግን አር ላይ አልለቀቃትም። እንዳሉኝ ስናየው ሞተሩ ብድግ ይላል፤ በአንድ ጎን ያለው ጎሚኒ ተሰንጥቋል። ከሶማሌ ተራ ልገዛ ነው፤ ምን ልጠንቀቅ?

መካኒኩ፦
አሮጌውን አስፈትተሽ ይዘሽ ሂጂ፣ ቀዳዳዎቹን አጋጥመሽ ግዢ። የ1.0 እና የ1.3 ጎሚኒ አንድ ነው የሚልሽን አትስሚ። ያገለገለ ከሆነ ጎማውን በአውራ ጣትሽ ገፍተሽ እዪ፤ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ተዪው። ሲገጠም ብሎኖቹን መጀመሪያ ላላ አድርገው ይያዙ፣ ሞተሩ በቦታው ካረፈ በኋላ ያጥብቁ። ተወጥሮ ከታሰረ መንቀጥቀጡ መሪሽ ድረስ ይመጣል።