ለነዋሪዎች ማህበሩ ጉባኤ የምናቀርበው የልጆቹ ጉዳይ፣ ረቂቁን እዚሁ እናስተካክለው

ጸሐፊ፦ እንደምን ዋላችሁ ጎረቤቶች። ያ ቡና ላይ ያነሳነው የልጆቻችን ውፍረት ነገር እዛው ቡናው ላይ እንዳይቀር ብዬ ነው። ኮዬ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ልጆቻችን ከሰርቪስ ይወርዳሉ፣ በሩ ጋ ካለው ሱቅ ለስላሳና ችብስ ይገዛሉ፣ ከዛ ሶፋና ስልክ ነው። የኔዋ የ9 ዓመት ልጅ አራተኛ ፎቅ እስክትደርስ ደረጃው ላይ ሁለቴ ቁጭ ትላለች። መነሻ ሃሳቤ፣ ሱቆች ለልጅ ለስላሳ እንዳይሸጡና በየ3 ወሩ ልጆቹን እንድንመዝን ነው። በሉ አስተያየት።

ጋሼ፣ ብሎክ 14፦ ልጆቼ አትቀየሙኝና በአገሩ ስንቱ ልጅ ጦሙን እያደረ እኛ ስለ ውፍረት ጉባኤ ስንጠራ ሰው አይስቅብንም?

ሲስተር፣ ብሎክ 9፦ ጋሼ እውነትዎን ነው፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የተደረገው የአገሪቱ የጤና ዳሰሳ ከ5 ዓመት በታች ካሉት 37 በመቶው የቀነጨሩ፣ ከልክ በላይ የወፈሩት ግን 2 በመቶ ናቸው ይላል። ግን ሁለቱም ከአንድ ቤት ይወጣሉ እኮ፣ ብስኩትና ለስላሳ ሆድ ይሞላል እንጂ ሰውነት አይገነባም። መመዘኑን ግን አውጡልኝ በእናታችሁ። ልጅ ጎረቤት ፊት ተሰልፎ ከተመዘነ በማግስቱ ስሙ "ዱባ" ነው፣ ከዛ በኋላ ለጨዋታም አይወጣም። የሰጋ ወላጅ ጤና ጣቢያ ይውሰደው፣ እዛ ከቁመቱና ከዕድሜው ጋር ነው የሚታየው።

ብሎክ 6፣ ባለሱቁ፦ እኔ አትሽጥ ካላችሁኝ ልጁ አስፋልት ተሻግሮ ይገዛል። የምችለውን ልንገራችሁ፣ ሙዝና ቆሎ ፊት ለፊት አደርጋለሁ ለስላሳውን ወደ ኋላ፣ ሙዙ ግን በሁለት ቀን ይጠቁራል ኪሳራው የኔ ነው፣ እናንተም "ሂድ ባለ ሁለት ሊትሩን አምጣ" እያላችሁ ልጅ አትላኩብኝ 😀

ሲስተር፣ ብሎክ 9፦ ተመችቶኛል ወንድሜ። በአንዱ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ እኮ 30 ግራም አካባቢ ስኳር አለ፣ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ ሻይ ላይ ያን ያህል ብትጨምሩለት ይተፋዋል።

ቲቸር፣ ብሎክ 11፦ ምግቡ ይሁን፣ ዋናው ግን ቦታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ይንቀሳቀስ ይላል፣ የት ይንቀሳቀስ? በኛና በብሎክ 12 መሃል ያለው ሜዳ ፓርኪንግ ሆኗል። እሁድ ሴቶቹ ልጆች የሱዚያቸውን አንድ ጫፍ ከመብራት ምሰሶው ሌላውን ከአንድ ቪትዝ ባምፐር አስረው ሲዘሉ አላርሙ ጮኸና ባለቤቱ በፒጃማ ወርዶ በተናቸው። ከተማው ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሰው ያለ መኪና እንዲንቀሳቀስበት ብሎ ለ"መንገድ ለሰው" ስንት አስፋልት ሲዘጋ እኛ አንዲት ሜዳ ያቅተናል?

ብሎክ 12፦ ባለ ፒጃማው እኔ ነኝ። ልጆቹ ላይ መጮሄ ልክ አልነበረም፣ ግን መኪናዬ በሩ ላይ ተጭሮብኛል፣ ውጪ ባቆም ደግሞ ስፖኪዮ ያወልቁብኛል፣ ማህበሩ ይከፍለኛል?

ቲቸር፣ ብሎክ 11፦ ውጪ አቁም ማን አለህ፣ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ብቻ አጥሩ ጥግ ትደረደራላችሁ፣ ከ12 በኋላ ሜዳው የናንተ።

ጸሐፊ፦ እሺ እንዲህ ልጻፈው፦ "ሜዳው በየቀኑ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ለልጆች ይለቀቅ፣ መኪኖች አጥሩ ስር ይቁሙ። ሱቆች ፍራፍሬና ቆሎ ፊት ለፊት ያስቀምጡ፣ ያልተሸጠውን ሙዝ ኪሳራ ለመጀመሪያው ወር ማህበሩ ይጋራ።" ሚዛኑ ወጥቷል። የቀረ አለ?

ጋሼ፣ ብሎክ 14፦ ሙዙን ሳይጠቁር እኛ እንብላው፣ ለሱ በጀት አያስፈልግም። እኔ ጡረታ ላይ ነኝ፣ 10 ሰዓት ላይ ወንበሬን ይዤ ሜዳው ላይ እቀመጣለሁ፣ ልጆቹንም መኪናውንም አያለሁ።

ብሎክ 12፦ ጋሼ ካሉማ ተስማምቻለሁ። አላርሙንም ቀነስ አደርገዋለሁ።