ጎጆ ከወጣን የመጀመሪያው በዓል፦ መስኮቱ ያልበዋል፣ 11 እንግዳ ይመጣል

አዲስ ጎጆ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጎጆ ከወጣን ገና 4 ወራችን ነው። ወደዚህ ቤት የገባነው ሙቀት ሳለ ስለነበር ምንም እንከን አልታየንም። ብርዱ ሲመጣ ግን ቤቱ እውነተኛ ጠባዩን አሳየን።

ጠዋት ስነሳ የመኝታ ቤቱ መስኮት አልቦት አገኘዋለሁ። ላብ ስላችሁ ትንሽ ጭጋግ እንዳይመስላችሁ። ውሃው በመስታወቱ ላይ እየተንኳለለ ወርዶ ደፉ ላይ ይጠራቀማል። በየጠዋቱ በፎጣ እጠርገዋለሁ፣ ፎጣውን እጨምቃለሁ፣ ከዚያ ወደ ሥራ እሮጣለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ቤት ሳጸዳ ቁምሳጥኑን ሳብ ባደርገው ከጀርባው ግድግዳው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አየሁ። መዳፌን ያህላል። ካፖርቴም ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል።

ባለቤቴ ብርድ አይወድም። እኔ መስኮት እከፍታለሁ፣ እሱ ተከትሎኝ ይዘጋል። «እኛ ቤት በብርድ ጊዜ መስኮት ተከፍቶ አያውቅም» ይለኛል። «እኛ ቤት» የሚለው እናቱ ቤት ነው፣ ገና አልለመደውም። ባለፈው ሳምንት ጭራሽ ሁለት ጥቅል ፕላስተር ገዝቶ መጣና ቀዳዳ የተባለ ሁሉ ይደፍን ጀመር። የበሩን ሥር፣ የመስኮቱን ዳር፣ ኩሽና ውስጥ የጋዝ ውሃ ማሞቂያው አጠገብ ያለችውን ወንፊት የመሰለች አየር ማስገቢያ ሳይቀር። እውነቱን ለመናገር ቤቱ ሞቀ። ላቡ ግን ባሰበት።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀቴ ልምጣ። በዓሉ 10 ቀን ነው የቀረው። እናቴ «የመጀመሪያ በዓላችሁን እኛ ጋ ናችሁ አይደል?» ስትለኝ እሺ አልኳት። ለካ እሱም በዚያው ቀን ለእናቱ እሺ ብሏቸዋል። ሁለቱንም ላለማስቀየም ስንል «እንዲያውም እናንተ እኛ ጋ ኑ» አልን። ምን ነካችሁ አትበሉን። ከሁለቱም ወገን 11 ሰው ሊመጣ ነው። አማቴ ደግሞ ሁለት ሌሊት ያድራሉ። ያለን ወንበር 4 ነው፣ የአንዱ እግር ይነቃነቃል። የሳሎኑ ራዲያተር ከታች ይሞቃል፣ ከላይ በረዶ ነው። መጋረጃ እንኳ ገና አልሰቀልንም።

ላቡን ምን ላድርገው? ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ልግዛ? ደግሞ ከናንተ መሃል የመጀመሪያ በዓሉን እንዲህ ባለ ባዶ ቤት ያሳለፈ ካለ ንገሩኝ።

ባለ ቧንቧው፦

እህቴ፣ ሌላውን በኋላ እናወራለን። አሁን ተነሺና የጋዝ ማሞቂያው አጠገብ ያለውን ፕላስተር ገንጥለሽ ጣዪው። ነገ አትበዪ።

ያቺ ወንፊት ጌጥ አይደለችም። ጋዝ ሲነድ አየር ይፈልጋል። አየር ሲያጥረው በደንብ አይነድም፣ ያን ጊዜ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያደነዝዛል። ሰው ጉንፋን ያዘኝ ብሎ ይተኛል፣ ተኝቶ የቀረም አለ። ቤት ስትሆኑ ሁለታችሁንም ራሳችሁን ካመማችሁ፣ ስትወጡ ደግሞ ከተሻላችሁ፣ ጉንፋን አይደለም። ጋዙን ዘግታችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ ውጡ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ባለሙያ ሳያየው ደግሞ እንዳትለኩሱት። ይህን ጋዝ የሚያስጠነቅቅ አነስተኛ መሣሪያ አለ፣ ሲደርስበት ይጮሃል። ከመጋረጃው በፊት እሱን ግዙ።

ራዲያተሩ ቀላል ነው። ከላይ ቀዝቅዞ ከታች የሚሞቀው ውስጡ አየር ስለታፈነ ነው። ማሞቂያውን አጥፉና ይቀዝቅዝ። ከላይ በጎኑ በኩል አራት ማዕዘን ጫፍ ያላት ትንሽ ቡሎን አለች፣ የራሷ ቁልፍ አላት። ጨርቅ ይዘሽ ቀስ ብለሽ ፍቺያት። ሽሽሽ ይላል፣ አየሩ ነው። ሽሽታው አልቆ ውሃ መንጠባጠብ ሲጀምር ዝጊው። ከዚያ የማሞቂያውን ግፊት እዪ፣ ወርዶ ከሆነ ውሃ ይሞላለታል።

ላቡን በተመለከተ፣ ከጣሪያ ወይም ከቧንቧ የሚያፈስ ነገር ከሌለ ውሃው ከራሳችሁ ነው የሚመጣው። ሁለት ሰው ተኝቶ ሲያድር በትንፋሽና በላብ ብቻ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ አየሩ ውስጥ ይለቃል። ሻወሩን፣ ድስቱን፣ ቤት ውስጥ የሚሰጣውን ልብስ ጨምሪበት። ክፍሉ 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 60 በመቶ ከሆነ፣ ከ12 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ነገር ሁሉ ጤዛ ይይዛል። መስታወቱ እዚያ ድረስ ይቀዘቅዛል። ቁምሳጥን የተለጠፈበት የውጭ ግድግዳም ሙቀት ስለማያገኝ ይቀዘቅዛል። ሻጋታሽ እዚያ የበቀለው ለዚህ ነው። ቁምሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ጭብጥ ያህል አርቂው። ነጠብጣቡን ጓንት አድርገሽ በሳሙና ውሃ እጠቢው፣ አድርቂው። በረኪና ከተጠቀምሽ ከሌላ ማጽጃ ጋር እንዳትቀላቅዪ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

እና መስኮቱን ክፈቱ። ጠዋትና ማታ፣ ወለል አድርጋችሁ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። ከዚያ ዝጉ።

ቆጣቢ፦

ይቅርታ ግን በዚህ ብርድ መስኮት ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ያሞቁትን አየር አስወጥቶ፣ እንደገና ማሞቅ ምን የሚሉት ኢኮኖሚ ነው? እኔ ባልየውን ደግፌያለሁ። ግፋ ቢል ትንሽ ገርበብ ማድረግ ይበቃል።

ባለ ቧንቧው፦

ገርበብ ማድረግ ነው የሚያከስረው። ቀኑን ሙሉ በጠባቧ ክፍተት ሙቀት ይወጣል፣ በመስኮቱ ዙሪያ ያለው ግድግዳ ይቀዘቅዛል፣ እዚያው ሻጋታ ይበቅላል። ወለል አድርገህ ለ5 ደቂቃ ስትከፍት የሚለወጠው አየሩ ብቻ ነው። የቤቱ ሙቀት በብዛት ያለው ግድግዳው፣ ወለሉና ዕቃው ውስጥ ነው፣ እሱ በ5 ደቂቃ አይሄድም።

ደግሞ የውጭው አየር በዝናብ ቀን እንኳ እርጥብ እንዳይመስልህ። 0 ዲግሪ ያለ አየር በአንድ ሜትር ኩብ 5 ግራም ያህል ውሃ ብቻ ነው መያዝ የሚችለው። 20 ዲግሪ ሲሆን 17 ግራም ይይዛል። ስለዚህ ብርዱን አስገብተህ ስታሞቀው የደረቀ ስፖንጅ ሆነልህ ማለት ነው። የቤቱን ውሃ ይጠጣል። በሚቀጥለው ጊዜ ስትከፍት ይዞት ይወጣል።

የዘጠኝ ዓመት ሙሽራ፦

የኔ እህት፣ ስለ ግራሙ ወንድማችን ብሎታል። እኔ ስለ አማቶቹ ልንገርሽ።

የእኔ የመጀመሪያ በዓል ዕለት እንግዳ ሳሎን ተቀምጦ እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቅስ ነበር። ምክንያቱ መጋረጃ ነው። ጫፉ አልተሰፋም፣ በመርፌ ቁልፍ ይዤው ነበር። ዛሬ ማን መጣ፣ ምን በላን ብትዪኝ ግማሹን ረስቼዋለሁ። ያቺን መርፌ ቁልፍ ግን አስታውሳታለሁ። ከኔ ሌላ ያያትም የለም። ስለ መጋረጃው ተዪው።

የምትጨነቂበትን ነገር ልንገርሽ፣ ስልኩ ነው። ለእናቱ እሱ ይደውል፣ ለእናትሽ አንቺ ደውዪ። ማን ስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚያድር፣ ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ በሁለቱም ስልክ አንድ ዓይነት ነገር ይነገር። አንቺ ለአማትሽ ደውለሽ «እንዲህ ወስነናል» ካልሽ፣ የወሰንሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ይህ ነገር ሁለት ዓመት አስከፍሎኛል።

ወንበር ይዛችሁ ኑ በዪ፣ አትፈሪ። ሰው ባዶ እጁን ከሚመጣ ዱካ ተሸክሞ ቢመጣ ደስ ይለዋል። ፍራሹን አውርደሽ ግድግዳ አስደግፈሽ ብርድ ልብስ ጣል ብታደርጊበት 4 ሰው ያስቀምጣል። አሁን ደግሞ ማንም የማያስበውን፦ 11 ካፖርት የት ይሰቀላል? በዝናብ ወይም በበረዶ ከመጡ 11 እርጥብ ካፖርት ነው። አልጋሽ ላይ ከተቆለለ ማታ እርጥብ አልጋ ላይ ነው የምትተኙት። መታጠቢያ ቤት ገመድ አስሪለት፣ በሩን ዝጊ፣ መስኮቱን ክፈቺ።

ሳላስበው፦

11 ሰው እየመጣላት ማሞቂያ ልግዛ ትላለች እንዴ? ሰዉ ራሱ አይበቃም?

ባለ ቧንቧው፦

ቀልደህ ነው፣ ግን ልክ ነህ። አርፎ የተቀመጠ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። 11 እንግዳና ሁለት ባለቤት 1300 ዋት ነው፣ አንድ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ማለት ነው። እንግዳ ከመድረሱ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ማሞቂያውን ቀንሱት።

ማሞቂያ መግዛታችሁ ካልቀረ ግን፣ ግድግዳው ሶኬት ላይ ብቻ ሰኩት። 2000 ዋት የሚስብ ዕቃ ከጌጥ መብራትና ከቴሌቪዥን ጋር አንድ ማከፋፈያ ላይ አይሰካም፣ ገመዱ ይግልና ይቀልጣል። ከሶፋና ከመጋረጃ አንድ ሜትር ይራቅ። ስትተኙ ይጥፋ።

አዲስ ጎጆ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የኩሽናውን ፕላስተር ያነሳው ራሱ ነው። ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተጻፈውን አነበብኩለት። ምንም አላለም፣ መሰላል አመጣ። ፕላስተሩ ሲነሳ የግድግዳውን ቀለም ይዞት መጣ፣ እሱንም ምንም አላለም። ባለሙያ ጠርተን ማሞቂያውን አሳየነው፣ ደህና ነው ተባልን። የሚጮኸውን መሣሪያም ገዝተን ሰቅለናል።

ራዲያተሩን ደግሞ እኔ ነኝ ያስተነፈስኩት! ሽሽሽ ሲል ደንግጬ ቁልፉን ጣልኩት፣ ሶፋ ሥር ገባ፣ ጥቁር ውሃ በእጄ ላይ ይንጠባጠባል፣ እሱ ይስቃል። አሁን ከላይ እስከ ታች ይሞቃል።

መስኮቱ ላይ ግን ገና አልተስማማንም። ጠዋት እከፍታለሁ፣ እሱ ብርድ ልብስ ለብሶ ሰዓቱን ይይዝብኛል። «5 ደቂቃ ሞልቷል» ይላል። አይሞላም እኮ።

አዲስ ጎጆ፦

በዓሉ አልፏል፣ ልንገራችሁ ብዬ ነው የመጣሁት።

ሁለታችንም ለየእናቶቻችን ደወልን። እናቴ ትንሽ አኮረፈች፣ በማግስቱ ራሷ ደውላ «ስንት ዱካ ላምጣ?» አለች። ሦስት አመጣች። የሚነቃነቀውን ወንበር ሰው እንዳይቀመጥበት ብዬ አበባ አስቀመጥኩበት። አባቴ አበባውን አንስቶ ተቀመጠበት። ሌሊቱን ሙሉ ከእግሩ ላይ ዓይኔን አላነሳሁም። አልወደቀም።

ካፖርቶቹ መታጠቢያ ቤት ገቡ። ያንን ያለችኝን እህቴን ባገኛት እስማታለሁ። ሁሉም ረጥቦ ነው የመጣው።

ራት ተበልቶ ወሬው ሲደራ ሳሎኑ ታፈነ። መስታወቱ ነጭ ሆነ፣ የእህቴ ልጅ በጣቱ ሰው ይስልበት ጀመር። እኔ መስኮቱን አያለሁ፣ ባለቤቴን አያለሁ። በሰው ፊት አልጣላውም ብዬ ዝም አልኩ። አማቴ ግን ብድግ አሉና መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱት። «ኧረ ልጆች ታፈናችሁ እኮ!» አሉ።

እሱ ክው አለ። «እማዬ፣ እኛ ቤት በብርድ መስኮት ተከፍቶ ያውቃል እንዴ?» አላቸው።

«አንተ ተኝተህ ነዋ» አሉት። «በየጠዋቱ እናንተ ሳትነሱ ከፍቼ፣ አናፍሼ፣ ዘግቼ ነው የምቀሰቅሳችሁ። ማን እንዲከፍተው ፈልገህ ነበር?»

እናቴ በሳቅ ሞተች። ሁለቱ ከዚያ በኋላ እስኪለያዩ ድረስ ስለኛ ነው ያወሩት፣ በየተራ። አማቴ ባደሩባቸው ሁለት ጠዋቶች እኔ ስነሳ መኝታ ቤታቸው ተናፍሶ፣ መስኮቱ ተወልውሎ፣ አልጋው ተነጥፎ ነው ያገኘሁት።

ሲሄዱ አንዲት የእርጥበት መለኪያ ገዛን፣ የእጅ ሰዓት የምታህል። የመጀመሪያ ቀን መኝታ ቤት ውስጥ 71 በመቶ አሳየች። አሁን ብዙውን ጊዜ 50 አካባቢ ናት። ነጠብጣቡ ከታጠበ ወዲህ አልተመለሰም፣ ካፖርቴ ግን አሁንም ትንሽ ይሸታል፣ ለሱ መላ ያለው ካለ ንገሩኝ። ትናንት ማታ መለኪያዋን አንስቶ «62» አለና፣ ማንም ሳይነግረው ተነስቶ መስኮቱን ከፈተ። ሲመለስ ብርድ ልብሱን ሙሉ ለሙሉ ወደ ራሱ ስቦ ተኛ።