«ሳይድ ፕሮጀክት» በአማርኛ፦ ተቀጥላ ወይስ ደቦ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የቋንቋ ወዳጆች። ፒግፌስ ስለተባለው የኢንዱስትሪያል ሮክ (የማሽን ዓይነት ሻካራ ድምፅ የሚበዛበት ሮክ) ባንድ አጭር ታሪክ እየጻፍኩ ሳለ አንድ ቃል አስቸገረኝ። ሙዚቀኞች ዋናውን ባንዳቸውን ሳይለቁ ከሌሎች ጋር የሚያቋቁሙትን «ሳይድ ፕሮጀክት» «ተቀጥላ ባንድ» ብለው ያስኬዳል? «ኢንዱስትሪያል»ንስ «የኢንዱስትሪ ሙዚቃ» ማለት ይቻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ተቀጥላ»ን ቢተዉት እመርጣለሁ። ተቀጥላ በሌላ ዛፍ ላይ በቅሎ የዚያን ዛፍ ምግብ እየሳበ የሚኖር ተክል በመሆኑ፣ ቃሉ የጥገኝነት ትርጉም ይዞ ይመጣል። የፒግፌስ ታሪክ ግን ከዚህ የራቀ ነው። ማርቲን አትኪንስና ዊሊያም ሪፍሊን ሚኒስትሪ ከተባለው የቺካጎ ባንድ ጋር በአንድ የኮንሰርት ጉዞ ጎን ለጎን ከበሮ ሲመቱ ቆይተው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 ይህን ባንድ መሠረቱ። በ1991 በወጣው የመጀመሪያ አልበም ላይ የናይን ኢንች ኔይልስ ባንድ መሪ ትሬንት ሬዝነር፣ የስኪኒ ፓፒ ባንዱ ኦግርና ክሪስ ኮኔሊ ድምፃቸውን ሰጥተዋል፤ ቀረጻውንም ያከናወነው ስቲቭ አልቢኒ ነበር። ከዚያ በኋላ አባላቱ ከአልበም አልበም፣ ከጉዞ ጉዞ ሲለዋወጡ፣ ከጅምሩ አንስቶ ሳይለይ የዘለቀው አትኪንስ ነው።

ይህን አሠራር የሚገልጽ ቃል ገበሬው ዘንድ አለ፤ እርሱም ደቦ ነው። በደቦ ባለ ጉዳዩ ጎረቤቶቹን ይጠራል፣ ምግብና ጠላ ያሰናዳል፣ የተጠሩትም አዝመራውን ሰብስበው ወደየእርሻቸው ይመለሳሉ። «ወንፈል» የሚሉም ይኖራሉ፤ ነገር ግን ወንፈል ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ እየተባለ ጉልበት በተራ የሚመለስበት ነውና፣ አንድ ጠሪ ብቻ ላለው ባንድ አይስማማም። ጠሪው አትኪንስ ነው፤ አውድማውም አልበሞቹን ያሳተመበት፣ ራሱ ያቋቋመው የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት፣ ኢንቪዝብል ሬከርድስ ነው።

«የኢንዱስትሪ ሙዚቃ» ማለት ከ«ሙዚቃ ኢንዱስትሪ» ጋር ያምታታል። ስያሜው ትሮቢንግ ግሪስል የተባለው የእንግሊዝ ቡድን በ1976 ካቋቋመው ኢንዱስትሪያል ሬከርድስ ከተባለ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት የተወሰደ ስለሆነ፣ እንዳለ «ኢንዱስትሪያል» ብሎ መጻፉ ይሻላል።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሆኖም ደቦ በአንድ ቀን የሚያበቃ ሥራ አይደለምን? ይህ ባንድ እስከ 2009 ድረስ አልበም አውጥቷል።

መልስ፦ ተገቢ ጥያቄ ነው። ደቦው በየአዝመራው እንደ አዲስ ይጠራል፤ ሰዎቹ ቢለዋወጡም እርሻው የዚያው ሰው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ «የደቦ ባንድ፣ ማለትም ሳይድ ፕሮጀክት» ብለው ካስተዋወቁት በኋላ፣ እስከ ጽሑፉ ፍጻሜ «የደቦ ባንድ» እያሉ መቀጠል ይችላሉ። ሙዚቀኞቹ ዋና ባንዳቸውን ትተው ጠቅልለው የገቡበት ከሆነ ግን ያለ ቅጽል «ባንድ» ይበሉት።