የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል እየወሰዱ የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ምግብ በተበላ ቁጥር ሆድ መነፋትና ማቃጠል ካለ፣ ኦሜፕራዞል ሳይቋረጥ የኤች ፓይሎሪ (የጨጓራ ባክቴሪያ) ምርመራ ማድረግ ይቻላል?

መልስ 1፦ ባይደረግ ይሻላል። ኦሜፕራዞል ባክቴሪያውን ስለሚያዳክመው፣ ባክቴሪያው እያለም ውጤቱ «ነጌቲቭ» (የለም) ሊወጣ ይችላል። ለሰገራ አንቲጂን ምርመራ (የባክቴሪያውን ክፍልፋይ ሰገራ ውስጥ ለሚፈልገው) ኦሜፕራዞል 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ 4 ሳምንት ቀድሞ መቆም አለበት። ጨጓራው ደምቶ የሚያውቅ ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር እንዳያቋርጥ።

መልስ 2፦ የደሙ ምርመራ ከታከሙ በኋላም ለረጅም ጊዜ ፖዘቲቭ ሊል ስለሚችል ብዙዎች የባክቴሪያውን መድኃኒት በከንቱ ይደግሙታል። መዳንዎን የሚያሳየው፣ የባክቴሪያው መድኃኒት ካለቀ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ የሚደረግ የሰገራ አንቲጂን ምርመራ ነው፤ ያኔም ኦሜፕራዞሉ 2 ሳምንት ይቁም።

መልስ 3፦ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሰ ዛሬውኑ ሆስፒታል። (የአይረን ክኒንም ሰገራ ያጠቁራል፤ ለሐኪሙ ይንገሩ።) ያለምክንያት መክሳት ወይም ምግብ ጉሮሮ ላይ መያዝ ካለ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ጨጓራን ማየት) ይጠይቁ።